በአንድ እጅ የሚከፈት መሳቢያ

የእህቴን ባል ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ሜትር» በሚል ስም ነው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የምታስታውሰው እህቴ ብቻ ናት፤ እሷም ሲከፋት ካልሆነ አትጠራውም። ልብስ ሰፊ ነው። መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ ካልተንጠለጠለ ራቁቱን የቆመ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ሐኪም ደረቱን ሊያዳምጥ ሸሚዝህን አውልቅ ቢለው፣ ሸሚዙን አውልቆ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ቁጭ አለ ብላ እህቴ ትምላለች። እሱ ይክዳል። እኔ እሷን ነው የማምነው።

እኔ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። የሰው ግቢ እየገባሁ ቁጥር ሳነብ ስለምውል የማላየው ጉድ የለም። አፉ አያርፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የእህቴ ቤት ከቤቴ ፊት ለፊት ስለሆነ መንገዱን ከተሻገርኩ እዚያው ነኝ፤ ሚስቴ እንደምትለው ደግሞ የራሴን ቤት ረስቼዋለሁ። ታላቄ ናት፤ «እትዬ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ዛሬ ጸጉሬ ሸብቶም እትዬ ናት።

ጋሽ ሜትር ሥራውን የጀመረው በአጎቱ ሱቅ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ በመልቀም ነው። ከዚያ ቁልፍ መትከል፣ ከዚያ እጅጌ ማስገባት፣ ከዚያ ኮት። ትዳር ሲይዝ ከቤቱ የመንገዱን ክፍል ሱቅ አደረገው፤ የስፌት መኪናውን መስኮቱ ሥር፣ የመተኮሻ ጠረጴዛውን ግድግዳው ጋ። አሁን ዐይኑ ስለደከመ አዲስ ኮት አይቀበልም እንጂ የሰፈሩ ሱሪ ሁሉ የሚያጥረው በእሱ እጅ ነው። አንድ ሕግ አለው፤ ያላየውን ሰው አይሰፋም። አንዱ የወንድሙን ልክ በወረቀት ጽፎ፣ ሙሉ ልብስ ስፋልኝ ብሎ ሲመጣ፣ «ወረቀት ትከሻ የለውም» ብሎ መለሰው። ሰውዬው ቁጥሩ ትክክል ነው እያለ ቢለምነው፣ «ቁጥሩማ ትክክል ይሆናል፤ ወንድምህ እንዴት እንደሚቆም ግን አልነገርከኝም» አለው። እኔ በቦታው ነበርኩ። ግትር ሽማግሌ ብዬ ሳቅሁበት።

ባለፈው ዓመት እህቴን ስትሮክ መታት። ንግግሯ ተመለሰ፣ እግሯም በከዘራ ተመለሰ፤ ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም። ዕድሜዋን ሙሉ ታይፒስት የነበረች ሴት ናት፤ አሥር ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሲወርዱ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ነበር የሚመስለው። ሐኪም ቤት ልጠይቃት ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ፣ ያልታዘዘላትን እጅ በግራዋ አንሥታ አሳየችኝና፣ «አምስቱ ጡረታ ወጡ፤ አምስቱ ገና ሥራ ላይ ናቸው» አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ደግሞ አለቀስኩ።

ቤት ከገባች በኋላ ጋሽ ሜትር ያለብሳት ጀመር። እሱ ሲያለብስ እንደ ሌላው ሰው አይደለም፤ ኮሌታው ይስተካከላል፣ ቁልፉ ይቆለፋል፣ የቀሚሱ ጫፍ ዙሪያውን እኩል መውረዱን ተንበርክኮ ያያል። እንከን የማይወጣላት ሆና ትወጣለች። ፊቷ ግን እንደጠቆረ ይውላል። «ምን ሆነሻል እትዬ?» ስላት፣ «ሰማያዊውን ፈልጌ ነበር» ትለኛለች። የትኛውን እንደምትፈልግ እሱ አይጠይቃትም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጭራሽ ትዝ ስለማይለው ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ አፏን ሳትከፍት ሁለተኛው እጅጌ ገብቶ አልቋል።

ልጃቸው አዋላጅ ናት። ቤቷ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። እናቷን እንደ ዐይኗ ብሌን ነው የምታያት፤ ይሄን ማንም አይክደውም። አንድ ቀን ከሥራ በቀጥታ መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳን ሳታወርድ መተኮሻ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠችና ውሳኔዋን ተናገረች።

«እማዬ እኔ ጋ ትመጣለች። ክፍል አዘጋጅቼላታለሁ። ቀን ቀን የምትሆናት ሴትም አግኝቻለሁ፤ ታጥባታለች፣ ታለብሳታለች፣ ታበላታለች።»

«መብላቱን እንኳን በራሴ አፍ ነው የምበላው» አለች እህቴ።

«እማዬ፣ ቀልድ አይደለም። አባዬም ደክሟል። አንድ ቀን ተያይዛችሁ ብትወድቁስ?»

እውነቷን ነበር። እኔም በሆዴ ከልጅቱ ጋር ነበርኩ፤ ጋሽ ሜትር እህቴን ከአልጋ ሲያነሣት ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እህቴ ከዘራዋን ወለሉ ላይ ቀስ አድርጋ መታች።

«ስሚኝ ልጄ። ሰው የሚያለብሰው ሕፃንና ሬሳን ነው። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ስጪኝ። መኪናሽን ይዘሽ በምትመጪበት ጠዋት፣ ልብሴን ራሴ አውጥቼ፣ ራሴ ለብሼ ከዚያ ክፍል ከወጣሁ እዚሁ ቤቴ እቀራለሁ። ካልወጣሁ ሻንጣዬን ያዢልኝ፤ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

አዋላጇ አባቷን አየች። አባቷ የሜትሩን ጫፍ በጣቶቹ ያሻል እንጂ ቀና አላለም። «እሺ፣ ይሁን» አለች በመጨረሻ። እናቷን የምታውቅ ልጅ ናት።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ልብሱ ያለበት ቦታ ነው።

መኝታ ቤታቸው ውስጥ ግድግዳውን የሞላ፣ ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ አለ። ከእነሱ በፊት የነበረው ተከራይ ትቶት የሄደው በበሩ አልወጣ ስላለው ነው። እንዴት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ ቤቱ የተሠራው በላዩ ላይ ነው እላለሁ እኔ። እህቴ ሐኪም ቤት በተኛችበት ሰሞን ከጀርባው ያለው የግድግዳ ቧንቧ ፈንድቶ፣ ጋሽ ሜትርም እዚያው ያድር ስለነበር ቤቱ ባዶ ሆኖ ውኃው መሳቢያዎቹን ሲያርሳቸው ሰነበተ። ውኃ የእኔ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ጥፋቱ በእኔ ተላከከ። ድሮም ያረጁ ነበሩ፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንዲሉ፣ አብጠው ወለላቸው ተዘረገፈ። ሣጥኑ ራሱ ጠንካራ እንጨት ስለሆነ ምንም አልሆነም። ልብሱ ግን ካርቶንና ፌስታል ውስጥ ገብቶ አልጋ ሥር ተከማቸ። አልጋ ሥር ለማጎንበስ ደህና ወገብ ያስፈልጋል፤ የፌስታል ቋጠሮ ለመፍታት ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል።

ማዞሪያው ጋ ያለው አናጺ መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ግዙ አለ። ሌላው በበሩ ይገባ ይሆናል፣ ይሄኛው በምን ይወጣል ቢሉት፣ በመጥረቢያ አለ። መሳቢያዎቹን ብቻ ሥራልን ሲሉት ሥራ በዝቶብኛል፣ ከወሩ ወዲያ እንነጋገር ብሎ ወጣ። ጋሽ ሜትር እስከ ደጅ ሸኘውና ተመለሰ።

«እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

«ጋሼ፣ ጣውላ እኮ ጨርቅ አይደለም» አልኩት።

«እሱም በልክ ነው የሚቆረጠው።»

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ብዬ ተርቼበት ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ግን መጋዝና መላጊያ ተውሼ ያመጣሁለት እኔው ራሴ ነኝ።

ልብስ ሰፊ አናጺ ሲሆን ያላየ ሰው ገና ብዙ ይቀረዋል። ጋሽ ሜትር መጀመሪያ ኮመዲኖውን እንደ ደንበኛ ለካው። «ደረቱ፣ ወገቡ፣ ዳሌው» እያለ ነው የለካው፤ አልጨመርኩበትም። ከፊት የለካውን ከኋላ ሲለካው ጠቦ አገኘው። የግራው ጎን ከቀኙ ዝቅ ይላል። «አየህ፣ አንድ ትከሻው ወርዷል» አለኝና እንደ ዘመድ አዘነለት። ከዚያ ካርቶን ዘርግቶ ለእያንዳንዱ መሳቢያ ሞዴል ቆረጠ፤ ሞዴሉን ጣውላው ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረ። ሲቆርጥ ትንፋሹን ይይዛል። የመጀመሪያው ጣውላ ረዝሞ ወጣ፤ ለካ ለስፌት የሚተወውን ትርፍ ትቶለታል።

«ጋሼ፣ መሳቢያው ይወፍራል ብለህ ነው?»

«ሰው ሁሉ ይወፍራል» አለኝ ሳያስበው። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና ሁለታችንም መጋዙን ጥለን ሳቅን።

ሚስማር ከመምታቱ በፊት ኮት ለልክ እንደሚሸልለው ሁሉ ጎንና ጎኑን በፕላስተር ላላ አድርጎ አያይዞ ለሙከራ ያስገባዋል፤ ያወጣዋል፤ ትንሽ ይልገዋል፤ እንደገና ያስገባዋል። መኝታ ቤቱ በእንጨት ብናኝ ተሞላ። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና፣ «አንተ ሰው፣ በቁሜ ሣጥን ትሠራልኛለህ እንዴ?» ትለዋለች። ደስ ብሏት ነበር። ቤቱ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ ሰው አንድ ነገር ሊሆን ነው ብሎ ተስፋ ያደርጋል።

መሳቢያዎቹ ሲያልቁ፣ እውነት ለመናገር፣ ደነገጥኩ። አራቱም እንደየልካቸው ተሠርተው ክፍተቶቹን ሞልተዋቸዋል። በእያንዳንዱ ፊት ላይ ሁለት ሁለት የሚያብረቀርቁ እጀታዎች ተተክለዋል፤ ከግራም ከቀኝም ጫፍ እኩል ርቀው፣ እንደ ኮት ቁልፍ ቀጥ ብለው ወርደዋል። ጋሽ ሜትር የላይኛውን በሁለት እጁ ሳበው፤ ሹልክ ብሎ ወጣ። መልሶ ገፋው። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «እመቤቴ፣ ተነሽ» አለ፤ ድምፁ የሙሽራ ድምፅ ሆነብኝ።

እህቴ ከዘራዋን ይዛ ተነሣች። ኮመዲኖው ፊት ደርሳ ቆመች። እኔም ያኔ ነው የታየኝ፤ ከዘራውን የያዘው እጅና መሳቢያውን መሳብ ያለበት እጅ አንድ ነው። ከዘራዋን ሣጥኑ ላይ አስደገፈች፤ በዳሌዋ ተጠግታ የግራውን እጀታ ያዘችና ሳበች። የግራው ጎን መጣ፣ የቀኙ ቀረ፤ መሳቢያው ተጣሞ ተቀረቀረ። ገፍታ እንደገና ሳበችው። ባሰበት። ከዘራው ተንሸራቶ ወደቀ፤ እሷም ልትከተለው ስትል ጋሽ ሜትር ደርሶ አቀፋት። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣትና እንደ ልማዱ ተመልሶ፣ በሁለት እጁ መሳቢያውን አቃንቶ ከፈተላት።

«ይኸው» አለ።

እህቴ የተከፈተውን መሳቢያ አየች። ቀጥላ እሱን አየችው። «ለማን ነው የሰፋኸው?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ቅስሙ ስብር አለ። ሱቁ ክፍል ገብቶ የስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠ፤ የሚሰፋ ግን አልነበረውም። እኔም ማጽናናቴ ነው ብዬ፣ «ጋሼ፣ ለጊዜው ብትሄድስ ምን አለበት? ልጇ ቤት እኮ ነው። ስትበረታ ትመለሳለች» አልኩት።

«አትመለስም» አለ። «እዚያ ሁሉ ነገር ይደረግላታል። ይሄን ልበሺ ይሏታል፤ ትለብሳለች። ሰማያዊውን ነው የምፈልገው ማለት አንድ ቀን ይሰለቻታል። ከዚያ ወዲያ ብትመለስስ ማን ትመለሳለች?» ቀጥሎም፣ «እኔስ ምን ሳደርጋት ከረምኩ? እንደ ሱቅ አሻንጉሊት ነው ያለበስኳት።»

ሰማያዊውን ለካ ሰምቶት ኖሯል። ድምፁ ሲሰበር እኔ ወለሉ ላይ የጣውላ ቁርጥራጭ መልቀም ጀመርኩ። ያን ቀን ይህን ሰው ከዚያ በፊት ካወቅሁት ይበልጥ ወደድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ብቅ ብል፣ ጋሽ ሜትር ሚስቱን ኮመዲኖው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ አጠገቧ ተንበርክኳል። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ እጁ ላይ ነው።

«ግራ እጅሽን ዘርጊ» ይላታል። «እስከምትችይው አይደለም፤ እስከማያምሽ።»

«በስተርጅና ቀሚስ ልትሰፋልኝ ነው?»

«ዝም ብለሽ ተለኪ።»

«ስንት ዘመን አብረን ስንኖር በሜትር ለክተኸኝ አታውቅም።»

«ልክሽን በቃሌ አውቀው ነበራ።»

«የድሮዋን ነው» አለችው።

ተቀምጣ እጇ የሚደርስበትን ለካ። ክንዷ ሳያማት የሚነሣበትን ከፍታ ለካ። ወንበሩን ሳትለቅ ወደ ጎን ምን ያህል እንደምታዘነብል ለካ። የእጇን አንጓ ዙሪያም ለካ። ከመለካቱ ይልቅ እኔን የገረመኝ መጠየቁ ነው። ወንበሩ በየት በኩል ቢሆን ይሻልሻል? መጀመሪያ የምትለብሺው የቱን ነው? የሚያዳልጥሽ ጨርቅ የቱ ነው? እሷም ነገረችው። ጉልበቷ መሳቢያው ፊት እንዳይቆም ወንበሩ ወደ ጎን ዞር ማለት አለበት። ከላይ ነው የምትጀምረው፤ እሱ ሁልጊዜ ከታች ነበር የሚጀምርላት። ሥራ አረፈድኩ፤ ግን ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም።

ከዚያ እነዚያን ያማሩ መሳቢያዎች አወጣቸው። የታችኞቹን ሁለት ለራሱ ልብስ አስቀረ፤ እሷ ወደዚያ አታጎነብስም። የላይኞቹን ሁለት አፈረሳቸው።

«ኧረ ተው ጋሼ!» አልኩ። አንጀቴን ነው የበላኝ።

«ልብስ ካልሆነ ይፈታል» አለኝ።

ሰፊ መሳቢያ ሁለት እጅ እኩል ካልሳበው እንደሚጣመም ገብቶታል። ስለዚህ የላይኞቹን ሁለት ክፍተቶች መሐል ለመሐል በጣውላ ከፍሎ ጠበብ ያሉ አራት ትንንሽ መሳቢያዎች ሠራላቸው። ጠባብ መሳቢያ ከመሐሉ ከተሳበ የት ይጣመማል? ከባዱን ጣውላ ትቶ በስስ ኮምፔንሳቶ አቀለላቸው። የሚንሸራተቱበትን በሻማ አሸው። ተስበው ጭኗ ላይ እንዳይወድቁ ከኋላ ማቆሚያ መታላቸው። የሚያብረቀርቁትን እጀታዎች አልመለሰም፤ በምትካቸው ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሸራና የኮት ገበር ደርቦ ማንገቻ ሰፋ፤ ለእያንዳንዱ መሳቢያ አንድ፣ የእጇ አንጓ የሚገባበት። ጣቶቿ ቢደክሙ በአንጓዋ ትጎትተዋለች ማለት ነው። ማዞሪያው ጋ ያለው አናጺ ቢያየው መሳቢያ ነው ቦርሳ ብሎ ይስቅ ነበር። እኔም ትንሽ ስቄያለሁ።

ልብሱን እሷ በምትለው ቦታ ደረደረላት። ያ ሲያልቅ፣ «በሉ ውጡልኝ» አለች። «ስሞክር የሚያየኝ ሰው አልፈልግም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ በሯን ትዘጋለች። ጋሽ ሜትር ሱቁ ክፍል ሆኖ ጆሮውን ያቆማል። «ተከፈተ?» ብሎ ከጠየቀ፣ «አያገባህም» ይባላል። በመጨረሻ ግን ሁልጊዜ «ና» ትለዋለች፤ ገብቶ ያለብሳታል። መሳቢያዎቹን ተዘግተው ያገኛቸዋል። ከፍታ ዘግታቸው ይሁን፣ ጭራሽ አቅቷት ይሁን፣ ከፊቷ ማንበብ አይቻልም። የቆጣሪ ቁጥር በጭቃ ተሸፍኖም አነባለሁ፤ የእህቴን ፊት ግን ማንበብ አቃተኝ። ጋሽ ሜትር ከሳ። የራሱን ሱሪ ወገብ ሲያጠብብ ያገኘሁትም በዚያ ሰሞን ነው።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። አዋላጇ መኪናዋን ደጅ አቁማ ገባች። ፊቷ ላይ ድል የሚባል ነገር አልነበረም፤ እንቅልፍ አጥታ ያደረች ነው የምትመስለው።

«እማዬስ?»

«እየለበሰች ነው» አለ አባቷ።

ሦስታችን ሱቁ ክፍል ተቀመጥን። የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቷል። መጀመሪያ የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ ተሰማ። ከዚያ አንድ ነገር ጧ ብሎ ወደቀ፤ አዋላጇ ብድግ አለች።

«ቁጭ በይ» አለ ጋሽ ሜትር።

«አባዬ፣ ወድቃ ቢሆንስ?»

«ከዘራው ነው። ሰው ሲወድቅ እንደዚያ አይጮህም። ቁጭ በይ አልኩሽ።»

እሱ ራሱ ግን መቀመጫው እሳት ሆኖበታል። ሜትሩን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ጠምጥሞ የጣቱ ጫፍ ጠቁሯል። ከሁላችንም በላይ ዘሎ መግባት የፈለገው እሱ ነበር፤ እጆቹ ሌላ ነገር አያውቁማ። ከውስጥ የእህቴ ድምፅ ይሰማል፤ ለራሷ ታጉረመርማለች፣ አንዳንዴም ትሳደባለች፤ ማንን እንደሆነ አልሰማንም። ከዚያ ደግሞ ድምፅ ጠፋ።

«እትዬ!» ብዬ ተጣራሁ።

«አለሁ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

አዋላጇ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እንደገና ጠበቅን። ደጅ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ምን እንደገባው አላውቅም፣ ሱሪውን እንደያዘ ተመለሰ።

በሩ ተከፈተ። እህቴ የበሩን መቃን በግራ እጇ ይዛ ቆማለች። ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሳለች። ቁልፎቹ አንድ አንድ ቀዳዳ ዘለዋል፤ አንዱ ጎን ወደ ላይ ወጥቶ ሌላው ወደ ታች ወርዷል። ጉርድ ቀሚሷ ዞሮ ስፌቱ ከፊት ሆኗል። ግንባሯ በላብ ርሷል።

አዋላጇ እንባዋን ሳትጠርግ ተነሥታ ሄደች፤ እጇ በቀጥታ ወደ ቁልፎቹ ነው የተዘረጋው። ጋሽ ሜትር ከኋላዋ ደርሶ አንጓዋን ያዘ።

«ተያት።»

«አባዬ፣ ቁልፉ እኮ ...»

«አይቻለሁ» አለ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሁላችን በፊት ነው ያየው።

«እኔም አይቻለሁ» አለች እህቴ። «መስታወት አለኝ። ፈትቼ ልቆልፈው ብል ምሳ ሰዓት ይደርሳል።»

አዋላጇ እናቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። የተሸነፈች ሰው ሳቅ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። «እሺ እማዬ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግልሽ? ሌላውን ሁሉ ስረዳ እውላለሁ፤ ለአንቺ ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም። ስትረጂ ውለሽ ነው የምትመጪው። እዚህ ስትመጪ ልጄ ብቻ ሁኚ። ነይ፣ ይዘሽኝ እንቀመጥ።»

ተያይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አዋላጇ በቀኝ በኩል ሆና ያን ሥራ የፈታ እጅ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ስለ መኪናውም ስለ ሻንጣውም የተናገረ የለም።

«አንተ» አለችኝ እህቴ፤ «ከዘራዬ አልጋ ሥር ገብቶብኛል፤ አውጣልኝ። እሱን አነሣለሁ አላልኩም።»

ገባሁ። ጋሽ ሜትርም ተከተለኝ። አንድ ነጭ ሸሚዝ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ስታወጣው አዳልጧት ይሆናል። ወንበሩ ዞሮ ቆሟል። ከላይ በግራ ያለው ትንሹ መሳቢያ ግማሽ ድረስ ተከፍቷል፤ ማንገቻው ተንጠልጥሏል። ከዘራውን ልፈልግ ሳጎነብስ ማንገቻው ከዐይኔ ጋር ገጠመ። እርጥብ ነው። ሸራው ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ ከላይም፣ ከታችም። እጇ እምቢ ሲላት በጥርሷ ነው የጎተተችው።

ጋሽ ሜትር ማንገቻውን በሁለት ጣቱ ያዘና የጥርሷን ምልክት ዳሰሰው፤ ብዙ ጊዜ አልለቀቀውም። ከዚያ፣ ነገ እንዳይከብዳት አስቦ መሰለኝ፣ መሳቢያውን ጥቂት ብቻ ክፍት እንዲቀር አድርጎ በቀስታ ሊገፋው ሲነካው እንጨቱ ሲጥ አለ።

«መሳቢያዬን የሚነካው ማነው?» የሚል ድምፅ ከሱቁ ክፍል መጣ።

ጋሽ ሜትር እጁን አነሣ። እኔም ከዘራውን ያዝኩ፤ መሳቢያውን እሷ እንደከፈተችው ትተነው ወጣን።